የፕሌይስቴሽን ሽፋንን ሜታሊክ ስለ መቀባት

የጌም ማጫወቻቸውን ሽፋን የብረት መልክ ባለው ቀለም ለመቀባት የሚያስቡ የደሴ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ የትኛውን ቀለም እንደሚገዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሥራው አምሮ መውጣቱን ወይም መበላሸቱን በዋናነት የሚወስነው የቀለሙ ዓይነት አይደለም። ከአንድ ሱቅ የተገዙ ሁለት ተመሳሳይ ጣሳዎች በሁለት ሰዎች እጅ ገብተው፣ አንደኛው ከፋብሪካ የወጣ የሚመስል ሽፋን ሲሠራ፣ ሌላኛው ደግሞ ጥላ ጥላ ያለበትና ጭጋግ የለበሰ ሽፋን ሲያወጣ ተመልክቻለሁ። ልዩነቱን ያመጣው ከቀለሙ በፊት ለፕላስቲኩ የተደረገለት ዝግጅት፣ የተረጨበት ቀን አየር፣ እንዲሁም ቀለሙ ምን ያህል ሳስቶ እንዳረፈ ነው። ይህን የምጽፈው ገንዘባቸውንና የሚወዱትን ዕቃ ይዘው ወደዚህ ሥራ የሚገቡ ሰዎች ጣሳውን ከመግዛታቸው በፊት እንዲያውቁት ስለምፈልግ ነው።

በመጀመሪያ ሜታሊክ ቀለም ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ቀጥሎ የማነሣቸውን ጥንቃቄዎች ሁሉ ትርፍ ልፋት አድርጎ ሊቆጥራቸው ይችላል። ተራ ቀለም መልኩን የሚያገኘው ከደቀቀ የቀለም ዱቄት ሲሆን፣ ሜታሊክ ቀለም ግን ከዚያ በተጨማሪ በዓይን ለየብቻ የማይለዩ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ቅንጣቶችን ይይዛል። የአንዱ ቅንጣት ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 50 ማይክሮን ሲሆን ውፍረቱ በ1 ማይክሮን አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ 1 ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ጠዋት ላይ በጦሳ ተራራ ወገብ ላይ ቆሞ ደሴን ቁልቁል የተመለከተ ሰው የከተማዋ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ሁሉ እኩል እንደማያበሩ ያውቃል፤ ለፀሐይ የተመቻቹት ያብረቀርቃሉ፣ በሌላ አቅጣጫ ያዘነበሉት ደግሞ ጠቁረው ይታያሉ። በቀለሙ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶችም እንዲሁ ናቸው። ሁሉም ተጋድመው ከደረቁ ሽፋኑ ወጥ የሆነ የብረት ገጽታ ይኖረዋል፤ አንዳንዱ ተጋድሞ፣ አንዳንዱ ቆሞ፣ ሌላው በአንድ ቦታ ተከማችቶ ከደረቀ ግን ነጣ ነጣና ጠቆር ጠቆር ያለ ዥንጉርጉር መልክ ይወጣል። ቅንጣቶቹ ተስተካክለው የሚጋደሙት ቀለሙ ሳስቶ ሲረጭና ሟሟው (ቀለሙን የሚያቀጥነው ፈሳሽ) ቶሎ ሲተን ነው። ቀለሙ ወፍሮ ከተረጨና እርጥብ ሆኖ ከቆየ በፈሳሹ ውስጥ እየተንሳፈፉ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሰበሰባሉ። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ከዚህ አንድ ነጥብ የሚነሣ ነው።

የሠራሁት ዕቃ የእህቴ ልጅ ሰኞ ገበያ አካባቢ በከፈተው ጌም ቤት ውስጥ የሚያገለግል ፕሌይስቴሽን 2 ስሊም ነው። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ የፕሌይስቴሽን 2 ምርት በ2013 መጀመሪያ ላይ እስኪቆም ድረስ በሁሉም ዓይነቱ በዓለም ላይ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ለጀማሪ የምመክረውም ይህንኑ ነው። አሮጌ በመሆኑ ዋስትናው ይቋረጥብኛል ተብሎ አይታሰብም፤ ከጥቅም ውጭ የሆኑ ሽፋኖቹም በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤቶች ስለሚገኙ መለማመጃ አይጠፋም። ከዚህም በላይ ጆይስቲኩ በሽቦ የሚሠራ ስለሆነ የብረት ቅንጣት ያለው ቀለም የሬዲዮ ሞገድ ያውክብኛል የሚል ስጋት የለበትም። ጌም ቤት ደግሞ ቀኑን ሙሉ እጅ የማይለየው ቦታ ነው፤ የክዳኑ ጥቁር ገጽ በብዙ ጣት ተፍቆ በመክፈቻው ቁልፍ ዙሪያ እንደ ቅባት የሚያበራ እድፍ ይዞ ነበር፤ ማዕዘኖቹም ተጭረው ነበር።

ሽፋኑን ከውስጥ ዕቃው ሳይለዩ በላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ መርጨት ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም በፍጹም አልመክረውም። የቀለሙ ጉም በአየር ማስገቢያ ክፍተቶች ገብቶ ማራገቢያው ላይ ያርፋል፤ በስሊሙ ላይ ደግሞ ክዳኑ ሲከፈት ዲስክ የሚያነብበው ሌንስ ተገልጦ የሚታይ በመሆኑ ጥቂት ብናኝ ቢያርፍበት ዲስክ ማንበብ ያቆማል። ብሎኖቹ ከሥር ባሉት የጎማ እግሮችና በትንንሽ የፕላስቲክ መክደኛዎች ውስጥ ተደብቀዋል። ጎማዎቹ በቀስታ ከተነሡ ሙጫቸው ሳይጠፋ ተመልሰው ይለጠፋሉ። የላይኛው ሽፋን ሲነሣ በኃይል መንጠቅ አይገባም፤ የማብሪያው ቁልፍ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የሚገናኝበት ቀጭን ጠፍጣፋ ሽቦ በቀላሉ ይቀደዳል፣ ከተቀደደም ተተኪው በደሴ በቀላሉ አይገኝም። ብሎኖቹን በየመጡበት ቦታ ቅደም ተከተል በካርቶን ላይ ወግቶ ማስቀመጥ፣ የውስጡን ዕቃ ደግሞ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ቀለም ከሚረጭበት ቤት ማራቅ ያስፈልጋል።

ባዶውን ሽፋን ገልብጦ ከውስጥ በኩል መመልከት ጠቃሚ ነው፤ የፕላስቲኩ ዓይነት ብዙ ጊዜ እዚያው በፊደል ተቀርጾ ይገኛል። የጌም ማጫወቻዎች ሽፋን በአብዛኛው የሚሠራው ኤቢኤስ ከሚባለው ፕላስቲክ ሲሆን ይህ ፕላስቲክ ቀለምን በጥሩ ሁኔታ ይይዛል። ይህን የማነሣው አንዳንድ ሰዎች ቀለሙን አስቀድመው በጀሪካን ቁራጭ ላይ ይሞክሩና በጥፍር ሲፍቁት ተላጥቶ ሲመጣ ቀለሙ የማይረባ ነው ብለው ስለሚደመድሙ ነው። ጀሪካን የሚሠራው ከፖሊኢቲሊን ነው፤ ፖሊኢቲሊን ደግሞ ያለ ልዩ ዝግጅት ቀለም አይዝም። ሙከራ መደረግ ያለበት ተመሳሳይ በሆነ ፕላስቲክ፣ በተለይም በተበላሸ የማጫወቻ ሽፋን ላይ ነው። ኤቢኤስ ግን አንድ ጠላት አለው፤ እሱም አሴቶን ነው። አሴቶን ኤቢኤስን ያሟሟል፤ በገበያ ላይ ያለው ቲነርም የተለያዩ ጠንካራ ሟሟዎች ድብልቅ ስለሆነ ሽፋኑን በቲነር መወልወል ገጹን ያለሰልሰዋል፣ ያጨማድደዋልም።

ስለዚህ የሚታጠበው ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ነው። በአየር ማስገቢያው ጥርሶች መካከል የተጋገረው አቧራና የእጅ ቅባት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይወጣል። እዚህ ላይ በጌም ቤቶች የተለመደ አንድ ነገር አለ፤ ባለቤቶቹ ማጫወቻው አዲስ እንዲመስል የመኪና ዳሽቦርድ የሚያበራ ፖሊሽ ይቀቡታል። በእነዚህ ፖሊሾች ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲሊከን አለ፤ ሲሊከን የነካው ቦታ ደግሞ ቀለሙን ወደ ዳር እየገፋ የዓሣ ዓይን የመሰሉ ክብ ክብ ቀዳዳዎችን ይፈጥራል። በሜታሊክ ቀለም ላይ ሲሆን ቅንጣቶቹ በቀዳዳዎቹ ጠርዝ ስለሚሰበሰቡ ጉድለቱ እጅግ ጎልቶ ይታያል። ፖሊሽ ተቀብቶ የሚያውቅ ሽፋን ደጋግሞ በሳሙና መታጠብ፣ ከዚያም በንጹሕ አልኮል መወልወል አለበት፤ የሚወለወልበትም ጨርቅ በየጊዜው መቀየር ይኖርበታል፣ አለበለዚያ ቅባቱ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ከመዛወር በቀር አይወገድም። ከታጠበ በኋላ በባዶ እጅ መንካት አይገባም።

ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ይመጣል። ጭረት ያለበትን ቦታ በ400 ቁጥር ማስተካከል፣ ሙሉ ገጹን በ600 ማለስለስ በቂ ነው፤ ወረቀቱ በውኃ ርሶ ጥቂት ሳሙና ሲደረግበት ጭረቱ ይቀንሳል። ዓላማው ጥቁሩን ቀለም ማጥፋት አይደለም፤ የፕላስቲኩ መልክ እስከ ውስጡ ጥቁር ነውና። የሚፈለገው አንጸባራቂነቱ ጠፍቶ በብርሃን ሲታይ ወጥ የሆነ ደብዛዛ ገጽ ማግኘት ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፕራይመሩ (ከሜታሊኩ በፊት የሚረጨው መሠረት ቀለም) ከደረቀ በኋላ ያለውን መፈግፈግ ነው። ሜታሊክ ቀለም እንደ ስቱኮ ጭረት አይደፍንም፤ እንዲያውም ቅንጣቶቹ በጭረቱ መስመር ተሰልፈው ስለሚቀመጡ ቀድሞ የማይታየውን ጭረት ያጎላዋል። በዚህ ምክንያት ፕራይመሩ በ800 ቁጥር ወረቀት በውኃ መለስለስ ይኖርበታል፤ በጣት ሳይሆን በጠፍጣፋ ስፖንጅ ላይ ተጠቅልሎ መያዝም ጣት የሚያሳድረውን ጉድጓድ ያስቀራል።

በወረቀት ፕላስተር የሚሸፈኑት ቦታዎች አርማው፣ የመብራቶቹ ቀዳዳዎች፣ የርቀት መቆጣጠሪያውን ጨረር የሚቀበለው ጥቁር መስኮት፣ እንዲሁም እርስ በርስ የሚተሻሹ ጠርዞች ናቸው። የመጨረሻው ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ፕራይመር፣ ሜታሊክና ክሊር (መጨረሻ ላይ የሚደረበው ቀለም አልባ መከላከያ) ተደምረው የሚኖራቸው ውፍረት 100 ማይክሮን ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ጠርዞች ሲገናኙ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። አንድ አምስተኛ ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የመክፈቻው ቁልፍ በቀዳዳው ውስጥ ተነክሶ እንዲቀር ወይም ክዳኑ በማጠፊያው ላይ እንዲጠብቅ ያደርጋል። ስሊሙ ክዳኑ በሚገባ መዘጋቱን የሚያውቅበት ትንሽ ማብሪያ በውስጡ ስላለው፣ ክዳኑ በቀለም ምክንያት ካልተቀመጠለት ዲስኩን አያሽከረክርም። ከዚያ በኋላ ሰው ሌንሱ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ጥገና ይሄዳል። የማጠፊያውን ጥርሶችና የቁልፎቹን ጎን በፕላስተር መሸፈን ይህን ሁሉ ያስቀራል።

አሁን ወደ አየሩ ጉዳይ እገባለሁ፤ በእኛ አካባቢ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነውና። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ በግምት 2,500 ሜትር ላይ የምትገኝ፣ በክረምት ጉም የማይለያት ብርዳማ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደን የምናገኛት፣ ከፍታዋ ወደ 1,850 ሜትር አካባቢ የሆነ ሞቃት ከተማ ናት። ለአንድ ጣሳ ቀለም ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በብዙ የእስፕሬይ ጣሳዎች ላይ ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀትና እርጥበቱ ከፍተኛ ባልሆነ አየር ውስጥ እንዲረጭ ተጽፎ ይገኛል። ሟሟው ሲተን ከሚያርፍበት ገጽ ላይ ሙቀት ይወስዳል፤ ገጹ ሲቀዘቅዝ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ልክ በጠዋት በሣር ላይ ጤዛ በሚወርድበት መንገድ በእርጥቡ ቀለም ላይ ይወርዳል። ውጤቱ ነጭ ጭጋግ ነው። በነጭ ቀለም ላይ ላይታይ ይችላል፤ በጥቁር ግራጫ ሜታሊክ ላይ ግን የብረቱን ነጸብራቅ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል።

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና ቀለም በመቀባት ረጅም ዘመን ያሳለፉ አንድ አዋቂ ባለሙያ አማክሬ ነበር። «ጋሼ፣ ሽፋኑን ይዤልዎ ልምጣ ወይስ እዚያው ደሴ ልርጨው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «አየሩን ሳላየው ምን እልሃለሁ ልጄ! ጉሙ ከጦሳ ሳይነሣ ጣሳውን እንዳትነካው። እዚህ ካመጣኸውም ነፋሱ ሳይነሣ ከቀትር በፊት ድረስ» አሉኝ። አክለውም፣ «መኪና ሲሆን ሰው ቆሞ ከሩቅ ነው የሚያየው፤ ይሄን ግን አፍንጫው ሥር አስቀምጦ ነው የሚያየው» አሉኝ። ይህን አነጋገራቸውን በሥራው ሁሉ አልረሳሁትም፤ በመኪና በር ላይ የሚታለፍ እንከን በክንድ ርቀት በሚቀመጥ ትንሽ ክዳን ላይ አይታለፍም።

የእርጥበቱን ጉዳይ በዓይኔ ማረጋገጥ ስለፈለግሁ፣ ከአንድ የተበላሸ ሽፋን የተቆረጡ ቁራጮችን በአንድ ዓይነት ፕራይመር አዘጋጅቼ፣ አንዱን በደሴ ዝናብ ባቆመበት የክረምት ጠዋት በግቢ ውስጥ፣ ሌላውን በኮምቦልቻ ፀሐይ ከወጣ በኋላ በጥላ ሥር ከአንድ ጣሳ ረጨኋቸው። የደሴው ቁራጭ ሲረጭ መልካም ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ከጠርዙ ጀምሮ እንደ ትንፋሽ እየደበዘዘ ሄደ። ሲደርቅ በጣት ቢታሽም አልጠራም። የኮምቦልቻው ግን ደርቆም በፀሐይ ፊት ጥርት ብሎ ያበራ ነበር። ይህ ማለት ግን ደሴ ላይ አይሠራም ማለት አይደለም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ወራት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ በደሴም ንጹሕ ሥራ ይወጣል። በሐምሌና በነሐሴ፣ እንዲሁም በወሎ የበልግ ዝናብ በሚጥልባቸው የመጋቢትና የሚያዝያ ሳምንታት ግን መታገሥ ወይም ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ይሻላል። በብርድ ጊዜ ጣሳውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት ግፊቱን ያስተካክላል፤ ሆኖም የፈላ ውኃ ወይም እሳት ጣሳውን ሊያፈነዳው ስለሚችል ከ50 ዲግሪ በላይ ለሆነ ሙቀት ፈጽሞ መጋለጥ የለበትም።

ስለ ሥረ መሠረቱ ቀለም ብዙ የምለው የለም። ለብር መልክ ግራጫ ፕራይመር፣ ለጥቁር ግራጫ ደግሞ ጥቁር ፕራይመር ይስማማል። ከተቻለ ፕራይመሩም፣ ሜታሊኩም፣ ክሊሩም የአንድ አምራች ቢሆኑ ይመረጣል፤ የአንዱ ሟሟ ከሥሩ ያለውን የሌላውን ቀለም አንሥቶ እንደ ደረቀ ቆዳ የሚያጨማድድበት ጊዜ አለና። ኢናሜል የሚባለውን የቀለም ዓይነት የያዙ ብዙ ጣሳዎች ቀጣዩ የቀለም እጅ (ድርብ) ወይ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ወይ ደግሞ ከአንድ ቀን በላይ ቆይቶ እንዲደረብ ያዝዛሉ። በመካከል ባለው ሰዓት ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ስለሚሆን መጨማደዱ የሚከሰተው ያን ጊዜ ነው። በጣሳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ አሰልቺ ቢሆንም ይህን ቁጥር ሳያዩ መጀመር አይገባም።

ሲረጭ የሚደረገውን በዝርዝር ልናገር። በጣሳው ውስጥ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል መነቅነቅ አለበት፤ የአሉሚኒየሙ ቅንጣቶች ከባድ ስለሆኑ ወደ ታች ይዘቅጣሉና፣ በመሀልም ደጋግሞ መነቅነቅ ያስፈልጋል። ጣሳው ከሽፋኑ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ሆኖ ይያዛል። ክንድ እንጂ አንጓ አይንቀሳቀስም፤ አንጓ ከዞረ ርቀቱ በመካከልና በዳር ስለሚለያይ መካከሉ ይርሳል፣ ዳሩ ይደርቃል። መርጨት የሚጀመረው ከሽፋኑ ጠርዝ ውጭ ሲሆን የሚቆመውም በሌላው ጠርዝ አልፎ ነው፤ የመጀመሪያው ርጭት ብዙ ጊዜ ነጠብጣብ ይዞ ስለሚወጣ ያ ነጠብጣብ በአየር ላይ ይቀራል። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን መስመር እስከ ግማሹ ይደርባል። የመጀመሪያው እጅ ፕራይመሩን መሸፈን የለበትም፤ ግማሹ ታይቶ ግማሹ ቢሸፈን በቂ ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሁለተኛው፣ ከዚያም ሦስተኛው እጅ ይከተላል። በየመካከሉ ገጹ ከውኃማ ብርሃን ወደ ደብዛዛ ሲለወጥ በዓይን ይታያል፤ ሟሟው ተንኖ ቅንጣቶቹ የተጋደሙት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ የመጨረሻው ስስ እጅ ይመጣል፤ የመኪና ቀለም ባለሙያው ያስተማሩኝ ትልቁ ነገርም ይህ ነው። ጣሳው ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ እጅ ፈጠን ብሎ፣ ቀለሙ እንደ ጉም ከላይ እየወረደ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ አንድ ጊዜ በአግድም፣ አንድ ጊዜ በቁም። ይህ እጅ የሚሸፍነው ነገር የለውም፤ ሥራው ከሥሩ የተፈጠረውን ነጣና ጠቆር ያለ መስመር አንድ ማድረግ ነው። ከዚያ በፊት ዥንጉርጉር የነበረው ክዳን በዚህ እጅ ሲስተካከል ማየት በእውነት ያስደስታል።

ሌላው አስፈላጊ ነገር ክዳኑ፣ የላይኛው አካልና የፊት ክፍሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ፣ ተገጥመው በሚቀመጡበት አቅጣጫ ተደርድረው አንድ ላይ መረጨት ያለባቸው መሆኑ ነው። ክዳኑን አንድ ቀን አጋድሞ፣ አካሉን ሌላ ቀን አቁሞ የረጨ ሰው ሲገጥማቸው ከአንድ ጣሳ የወጣ ቀለም ሁለት ቀለም ሆኖ ያገኘዋል፤ ቅንጣቶቹ ያዘነበሉበት አቅጣጫ ስለተለያየ። በዚሁ ምክንያት በሜታሊክ ላይ ጥገና ማድረግ አይቻልም ማለት ይቻላል። አቧራ ወይም ዝንብ ካረፈበት በእርጥቡ ለማንሣት መሞከር ትልቅ ጠባሳ ይተዋል፤ ደርቆ በወረቀት ሲፈገፈግ ደግሞ ቅንጣቶቹ ስለሚቆረጡ ጥቁር ጭረት ይቀራል። ትንሽ እንከን ከሆነ ትቶ ማለፍ፣ ትልቅ ከሆነ ደርቆ ሲያበቃ ሙሉውን ገጽ አለስልሶ እንደገና መርጨት እንጂ እዚያው ቦታ ላይ ብቻ መንካት አይሠራም። አቧራውን ለመቀነስ ባለሙያዎች የሚያደርጉት ወለሉን በውኃ መርጨት ነው፤ በኮምቦልቻ ደረቅ አየር ይህ መልካም ዘዴ ሲሆን፣ በደሴ ግን እርጥበት ስለሚጨምር ቀድሞ በደንብ መጥረግና አቧራው እስኪረጋ መጠበቅ ይሻላል።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ የፈለገው የወርቅ መልክ ነበር፤ በመጨረሻ የተስማማነው ወደ ጥቁርነት በሚያደላ ብርማ ቀለም ነው። ምክንያቴን ልጻፍ። አንዳንድ የወርቅ ቀለሞች የሚሠሩት ከመዳብና ከዚንክ ዱቄት ሲሆን፣ ይህ ዱቄት በክሊር ካልተሸፈነ በአየርና በእጅ ላብ እየጠቆረ ይሄዳል። እንደ መስታወት ያበራል ተብሎ የሚሸጠው ክሮም ደግሞ በተቃራኒው ክሊር ሲደረብበት ነጸብራቁን አጥቶ ተራ ብርማ ቀለም ይሆናል፤ ክሊር ካልተደረበበት ደግሞ በጣት ይፋቃል። ብዙ ሰው ለሚነካው ዕቃ ከሁለቱም ተራው ሜታሊክ ይበልጣል።

ክሊሩም ቢሆን በጥንቃቄ ይደረብ። የመጀመሪያው የክሊር እጅ ወፍሮ ከተረጨ በውስጡ ያለው ሟሟ ከሥሩ ያለውን ሜታሊክ እንደገና ያረሰርሰውና የተጋደሙትን ቅንጣቶች ያንሳፍፋቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት እጆች ስስ ጉም ብቻ ይሁኑ፤ የሚያበራው ወፍራሙ እጅ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የመኪና ቀለም ቤቶች የሚጠቀሙበት፣ ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚረጨው ክሊር እጅግ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ማጠንከሪያው ኢሶሳያኔት የሚባል፣ ሲተነፈስ አስም የሚያስይዝ ኬሚካል ስላለው ተገቢው መከላከያ በሌለበት በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ሊሞከር አይገባም። ያንን የሚፈልግ ሰው ለባለሙያው ይስጥ።

ጤናን በሚመለከት ሳልናገር ማለፍ የማልፈልገው ሌላም አለ። የጨርቅም ሆነ ተራው የሕክምና ማስክ የቀለሙን ብናኝ በከፊል ቢይዝም የሟሟውን ትነት አያስቆምም፤ የሚያስፈልገው የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክና ነፋሻ ቦታ ነው። ቀለሙን ከጣሳው የሚገፋው ጋዝ ብዙውን ጊዜ ፕሮፔንና ቡቴን ስለሆነ በቀላሉ ይቀጣጠላል። በእኛ ግቢዎች ደግሞ ረፋድ ላይ ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና የሚፈላበት ሰዓትና ለቀለም የሚመቸው ሰዓት አንድ ነው። ከሰሉ እስኪጠፋ፣ እጣኑም እስኪያልቅ መጠበቅ፣ ወይም ሥራውን ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ግዴታ ነው። ልጆች በአካባቢው እንዳይኖሩም ለቤተሰቡ አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ቀለሙ በጣት ሲነካ ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። ላዩ በሰዓታት ውስጥ ቢደርቅም በፕላስቲክ ላይ በሚገባ የሚጠነክረው ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። አፍንጫን አስጠግቶ ማሽተት ጥሩ መለኪያ ነው፤ የሟሟ ሽታ እስካለ ድረስ መገጣጠም የለበትም። ቶሎ ተገጥሞ ጨርቅ ከተጣለበት የጨርቁ ድርና ማግ ታትሞበት ይቀራል። ለማፋጠን ብሎ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥም ሽፋኑን ያጣምመዋል። ፕላስተሩ የሚነሣው ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ፣ የመጨረሻው ክሊር ገና ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር፣ ወደ ኋላ ታጥፎ በቀስታ ነው፤ ጠንክሮ ሲነሣ ጠርዙን ይዞት ይላጣል። ጣሳው ውስጥ የተረፈ ቀለም ካለ ደግሞ ጣሳውን ገልብጦ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ መጫን አፍንጫውን ከመደፈን ያድነዋል።

በፕሌይስቴሽን 4 ወይም 5 ላይ ሊሠሩ ለሚያስቡ ሁለት ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የሃርድ ዲስኩ አንጸባራቂ መክደኛ ያለ ካቻቢቴ በእጅ ተገፍቶ ይወጣል፤ በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ ሁለቱም የጎን ሽፋኖቹ እንዲሁ በእጅ ይነሣሉ። ስለዚህ ውስጡን ሳይከፍቱ ማራኪ ሥራ መሥራት ይቻላል። ነገር ግን የእነዚህ ጆይስቲኮች የሚገናኙት በብሉቱዝ ነው፤ የአሉሚኒየም ቅንጣት የበዛበት ቀለም ደግሞ የሬዲዮ ሞገድን ያዳክማል፤ የመኪና ፋብሪካዎችም ከራዳር ፊት ለፊት ባለ መከላከያ ላይ የሚረጩትን ሜታሊክ የሚቆጣጠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ሜታሊኩ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይወፍር፣ የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽም በፍጹም እንዳይረጭ እመክራለሁ።

ጆይስቲኩን ራሱን ግን አልቀባሁትም፣ እንዲቀባም አልመክርም። ለሰዓታት በላብ እጅ የሚጨበጥ ዕቃ ላይ ከጣሳ የተረጨ ክሊር ብዙ አይቆይም፤ መጀመሪያ የሚላጠውም አውራ ጣት በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ነው። የተቀባው ማጫወቻ ሲቆሽሽ በውኃ ረጠብ ባለ የጥጥ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል፤ አልኮልና የዳሽቦርድ ፖሊሽ ከጌም ቤቱ እንዲርቁ የእህቴን ልጅ አስጠንቅቄዋለሁ።